የመጨረሻዋ ደቂቃ ተከሳሽ

አውስትራሊያና ስፖርት አንድ ላይ ሲነሱ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሲድኒ ኦሊምፒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ሙሉ ሮጠው በመጨረሻ የለያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም፤ ሆኖም ያንን ፊልም ደጋግሞ ያላየ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ውድድር በኋላ «ቴርጋት ምን ነካው? የመጨረሻዋን እርምጃ አበላሻት እኮ!» ብሎ የሚከራከር ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱም ጀግኖች ተባሉ፣ አለቀ። የቡድን ጨዋታ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። አንድ ቡድን በመጨረሻዋ ደቂቃ ከተሸነፈ የግድ ተከሳሽ መገኘት አለበት። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት የዚህን ተከሳሽ ጉዳይ ነው። ምሳሌ የምትሆነኝም ያችው አውስትራሊያ ናት፤ ጨዋታውም እኛ የማናውቀው የእነሱ ኳስ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ወደ እኔ የመጣው በአጎቴ በኩል ነው። አጎቴ ሜልበርን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አገሩን እንደረገጠ ከሰው ጋር ለመግባባት የግድ አንድ ክለብ መያዝ እንዳለበት ሲነገረው «እንግዲያው የከተማው ስም ያለው ይሻለኛል» ብሎ የሜልበርን ክለብ ደጋፊ ሆነ። ከሊጉ 18 ክለቦች ዘጠኙ የዚያችው ከተማ መሆናቸውን ያወቀው ዘግይቶ ነው። «ስም አይቼ ገባሁ፣ አሁን መውጫው ጠፋኝ» እያለ ይስቃል። ድሮ በድምፅ መልእክት የሚጠይቀኝ ስለ እናቴ ጤንነትና ስለ ትምህርቴ ነበር። አሁን ግን ሰላምታውን ባጭሩ ይጨርስና በቀጥታ ወደ ቡድኑ ይገባል። በተለይ የተሸነፉ ዕለት መልእክቱ ይረዝማል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ ኳሷም እንደዚሁ። በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ለጓደኛ ማቀበል የሚቻለው ግን በእግር በመምታት ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው በቡጢ በመምታት ነው። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። በእግር የተመታች ኳስ በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ካለፈች ጎል ናት፤ 6 ነጥብ ታስገኛለች። ከዚያ ዝቅ ብላ በመሃለኛውና በዳረኛው ቋሚ መካከል ከወጣች ደግሞ «ቢሃይንድ» ትባላለች፤ 1 ነጥብ ብቻ ናት። ስለዚህ አንድ ቡድን 10 ጎልና 18 ቢሃይንድ ካስመዘገበ ድምሩ 78 ይሆናል ማለት ነው። ይቺን ሒሳብ ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ እያንዳንዱ ሩብ የሚያልቀው በሳይረን ነው። ሳይረኑ ሲጮህ ቅጣት ምት አግኝቶ የቆመ ተጫዋች ካለ የመምታት መብቱ ይጠበቅለታል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። በጁላይ 2025 ሜልበርን ከሴንት ኪልዳ ጋር ተጫወተ። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ሜልበርን በ46 ነጥብ ይመራ ነበር። 46 ነጥብ ማለት ከሰባት ጎል በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በተጀመረው ሊግ ውስጥ ይህን የሚያህል ልዩነት በመጨረሻው ሩብ ቀልብሶ ያሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ሴንት ኪልዳ ግን ጎሉን አንድ በአንድ እየለቀመ መጣ። ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ናሳያ ዋንጋኒን-ሚሌራ የሚባለው ልጅ አገባና እኩል ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የመጣው። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አንድ ደንብ አለ። ኳሷ ከመሃል ስትጀመር እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ሰው ከፊት፣ ስድስት ከመሃል፣ ስድስት ከኋላ ማቆም አለበት። ያኔ ደንቡ መጀመሪያ ሲጣስ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ሲደገም ቅጣት ምት ያሰጥ ነበር። ሜልበርን ማስጠንቀቂያውን ቀደም ብሎ ቀምሷል። በዚያች ቀውጢ ሰዓት አሰላለፉ እንደገና ተዛነፈ፤ ዳኛውም ቅጣት ምት ሰጠ። የሴንት ኪልዳው ሮዋን ማርሻል ኳሷን ወደፊት ላካት፣ ያው ዋንጋኒን-ሚሌራ ያዛት፣ ሳይረኑ ጮኸ። ከሳይረኑ በኋላ መትቶ አገባ። ሜልበርን በ6 ነጥብ ተሸነፈ።

በማግስቱ የአጎቴን መልእክት ለማዳመጥ ሻይ ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ። ኤርፖርት የታክሲ ተራ ሲጠብቁ ሹፌሮቹ የተከራከሩትን እያንዳንዱን ቃል ነገረኝ። የካርልተን ደጋፊ የሆነው አበሻ ጓደኛው «ቡድንህ ልብ የለውም፤ ሰዓት ሲያልቅ ይንቀጠቀጣል» አለው። እዚያው የተወለዱ አንድ አዛውንት ሹፌር ደግሞ «ልብ አይደለም፣ ደም ነው። እናንተ ከ1987 ጀምሮ እንዲሁ ናችሁ» አሉ። ሌላው ጥፋቱን ለአሠልጣኙ ሰጠ። አጎቴ በበኩሉ ክሱን በአንድ ሰው ላይ አከረረ። «ቦታውን ስቶ የቆመው ልጅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው እስከ ስድስት መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?» ይላል።

እኔም መልሼ «ጋሼ፣ እሺ 46ቱን ነጥብ ማን አስበላው?» ብዬ ላክሁለት። የመጣልኝ መልስ «ስሚ፣ አንቺ የምትማሪው ጋዜጠኝነት ነው ወይስ ጥብቅና?» የሚል ነበር። ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። ምክንያቱም የሁለቱ ሙያዎች ልዩነት እዚሁ ክርክር ውስጥ ያለ መሰለኝ።

አዛውንቱ ሹፌር ያሉት 1987 ምን ይሆን ብዬ ፈለግሁ። ሜልበርን ከ1964 በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ለሚደረጉት የፍጻሜ ውድድሮች ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ተጠብቋል። ለዋንጫው ጨዋታ ለመድረስ የቀረው ሃውቶርንን ማሸነፍ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሜልበርን በ4 ነጥብ ይመራል። የሃውቶርኑ ጋሪ ባክናራ ቅጣት ምት አገኘ፤ ርቀቱ ግን ለማግባት የሚያስቸግር ነበር። በዚህ መሃል አንድ የሜልበርን ተጫዋች ባላጋራውን ለመያዝ ሲሮጥ በመቺውና ፊት ለፊቱ በቆመው ተከላካይ መካከል አቋርጦ አለፈ። ይህ ክልክል ነው። ዳኛው መቺውን 15 ሜትር ወደ ጎሉ አስጠጉት። ሳይረን። ምት። ጎል። ሃውቶርን 80፣ ሜልበርን 78።

አቋርጦ የሮጠው ልጅ ጂም ስታይንስ ይባላል። የደብሊን ልጅ ነው። ያደገው በአየርላንዶች ኳስ ነው፤ ወደ አውስትራሊያ የመጣው በ1984 ሲሆን በዋናው ቡድን መሰለፍ የጀመረው በዚያው በ1987 ነው። ጨዋታውን ሳይሆን ቋንቋውን እንኳ (የኳሱን ቋንቋ ማለቴ ነው) ገና እየተማረ ነበር። ዕድሜው 21 ነበር። እኔም 21 ነኝ። አሠልጣኙ ጆን ኖርዚ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲቆጣው የሚያሳየውን ምስል ሳይ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ያየሁት ፊቱን ብቻ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀ የአንድ ክለብ ደጋፊ ሁሉ ዕዳውን በአንድ ምሽት በዚያ ልጅ ትከሻ ላይ ጫነው። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም አንድ አዛውንት የታክሲ ሹፌር ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሲጠሩ ሰሚው ማንን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል።

እስቲ አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሒሳብ እናውጣው። የሜልበርን ውጤት 10 ጎልና 18 ቢሃይንድ ነው። የሃውቶርን 11 ጎልና 14 ቢሃይንድ። ሜልበርን 28 ጊዜ ነጥብ አስመዝግቧል፣ ሃውቶርን 25 ጊዜ። ከ18ቱ ቢሃይንዶች አንዷ እንኳ ጎል ብትሆን ኖሮ የስታይንስ ሩጫ ምንም ባላመጣ ነበር። ምናልባትም ማታውኑ ተረስታ ታድር ነበር። አሥራ ስምንቱን ግን ማንም በስም አይጠራቸውም። በየሩቡ ተበታትነው፣ በብዙ እግር ተከፋፍለው ጠፍተዋል። የስታይንስ ሩጫ አንድ ናት፣ መጨረሻ ላይ ናት፣ ባለቤት አላት። ለመክሰስ ትመቻለች።

አጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ ሌላ ልጨምር። በሴፕቴምበር 2023 ሜልበርን በፍጻሜ ውድድሮቹ ከካርልተን ጋር ተገናኘ። በመጨረሻዋ ደቂቃ የካርልተኑ ብሌክ ኤከርስ አገባና ሜልበርን ተሸነፈ። በስንት? አሁንም በ2 ነጥብ፤ 73 ለ71። የካርልተን ውጤት 11 ጎልና 7 ቢሃይንድ፣ የሜልበርን 9 ጎልና 17 ቢሃይንድ። ሜልበርን 26 ጊዜ፣ ካርልተን 18 ጊዜ ማለት ነው። ያን ሰሞን አጎቴና ጓደኛው የተጨቃጨቁት «ኤከርስን መጠበቅ የነበረበት ማን ነው?» በሚለው ነበር። ስለ አሥራ ሰባቱ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

የአዛውንቱ «ደም ነው» የሚለው ክስም ሲመረመር አይቆምም። በ1987 እና በ2023 መካከል 36 ዓመት አለ። ሁለቱንም ጨዋታ የተጫወተ አንድ ሰው የለም። ማልያ ደግሞ ደም የለውም። ደግሞስ ያው ክለብ በ2021 ፐርዝ ላይ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ በሦስተኛው ሩብ በ19 ነጥብ ተበልጦ ቆይቶ በመጨረሻ ዌስተርን ቡልዶግስን በ74 ነጥብ ረትቶ አይደል ከ57 ዓመት በኋላ ዋንጫ ያነሳው? «ልብ የለውም» የተባለው ቡድን ያን ቀን ልቡን ከየት ተበደረ? ያን ዋንጫ ያመጣው አሠልጣኝ ሳይመን ጉድዊንም ሴንት ኪልዳ 46 ነጥብ በቀለበሰ ሰሞን፣ በኦገስት 2025፣ ተሰናበተ። ያ የውድድር ዘመን በአጠቃላይ ለክለቡ የከፋ ነበርና ስንብቱን በዚያች ጨዋታ ብቻ አላመካኝም። እንዲያ ካደረግሁማ የምቃወመውን ነገር ራሴ ሠራሁት ማለት ነው።

እንግዲህ የአጎቴን ወገን ክርክር ደግሞ በሚገባ ላቅርብ፤ ፍርደ ገምድል እንዳልባል። አንደኛ፣ ቢሃይንድ ሁሉ የተሳተ ምት አይደለም። ተከላካይ ሆን ብሎ የሚያወጣት አለች፣ ቋሚ ገጭታ የምትቆጠርም አለች። ስለዚህ «18ቱ 18 ስህተቶች ናቸው» ብል እዋሻለሁ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሩብ ስህተትና የመጨረሻዋ ደቂቃ ስህተት በነጥብ እኩል ቢሆኑም በጊዜ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያውን ለማረም ሦስት ሩብ ይቀራል፤ የመጨረሻዋን ለማረም ጊዜ የለም። ሦስተኛ፣ የ2025ቱ ስህተት እንደ ስታይንስ የለጋ ልጅ ግራ መጋባት አይደለም። ደንቡ የታወቀ ነው፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቷል። ደጋፊው ቢናደድ እውነት አለው። ብሩን ከፍሎ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የመጣ ሰው «ቁጠሩ እንጂ!» ቢል ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ጥፋት የለበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የመጨረሻዋ ስህተት ጨዋታው እንዴት እንደተዘጋ ትነግረናለች፤ ለምን እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ክፍት ሆኖ እንደቆየ ግን አትነግረንም። በ46 ነጥብ የሚመራ ቡድን ስድስት ስድስት ቆጥሮ መቆሙ ወሳኝ የሚሆንበት ደረጃ መድረስ አልነበረበትም። እዚያ ያደረሰው አንድ ሰው አይደለም። አሥራ ስምንት ሰው ሜዳ ላይ፣ ቅያሪዎቹና አሠልጣኞቹ ዳር ላይ፣ አንድ ሙሉ ሩብ አብረው ነበሩ። አሰላለፉ ሲዛነፍስ የሚያይ ዓይን የአንድ ሰው ብቻ ነበር?

ይህ ነገር እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። የዜና አጻጻፍ ስንማር በጣም አስፈላጊው ነገር ከላይ ይቀመጥ ተብለናል፤ ሊድ የምንለው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። በመጨረሻዋ ደቂቃ የተወሰነ ጨዋታ ላይ ሊዱ ራሱ ተጽፎ የመጣ ይመስላል፤ «ማን» የምትለው ጥያቄ «ለምን»ን ገፍትራ ትገባለች። የ2025ቱን ጨዋታ ለልምምድ ብዬ በሁለት ዓይነት ጻፍኩት። አንደኛው «ሜልበርን ሰከንዶች ሲቀሩ በተፈጸመ የአሰላለፍ ስህተት በሴንት ኪልዳ ተሸነፈ» ይላል። ሁለተኛው «ሦስት ሩብ ሙሉ የበላይ የነበረው ሜልበርን በአንድ ሩብ 46 ነጥብ አስወስዶ ተሸነፈ» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን ለመጻፍ የመጨረሻዋን ደቂቃ ማየት ይበቃል። ሁለተኛውን ለመጻፍ ግን ጨዋታውን ከመጀመሪያው መከታተል፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መቁጠር ይጠይቃል። ሰነፍ የሚመርጠው የቱን እንደሆነ አልነግራችሁም። ከመጀመሪያው ዜና ውስጥ አንድ ተከሳሽ ይወጣል፣ ከሁለተኛው ውስጥ ግን ጥያቄ።

ተከሳሹ ደግሞ ሰው ነው። ዜናው በማግስቱ ይረሳ ይሆናል፤ በስም የተጠቀሰው ሰው ግን ስሙን ይዞት ይኖራል። ስታይንስ ላይ የደረሰውን ስናይ ይህ ግልጽ ይሆናል። ደግነቱ የእሱ ታሪክ በ1987 አላበቃም። ከ1987 እስከ 1998 ድረስ 244 ጨዋታዎችን አንዱንም ሳያቋርጥ በመሰለፍ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ያቺ የተረገመች ጨዋታም ከ244ቱ አንዷ ናት። በ1991 በሊጉ ለምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የብራውንሎ ሜዳሊያ አገኘ። በ1994 ወጣቶችን የሚረዳውን ሪች ፋውንዴሽን ከጓደኛው ጋር መሠረተ። በ2008 ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ ሊጠፋ ሲደርስ ሊቀመንበር ሆኖ መጣ። ካንሰር ይዞት ሕክምና እየተከታተለ ሳለ ደጋፊውን አስተባብሮ ዕዳውን አስከፈለ። በማርች 2012 በ45 ዓመቱ ሲያርፍ የሜልበርን ከተማ በመንግሥት ሥርዓተ ቀብር ሸኘችው።

ይህን የምጽፈው «ከስህተት በኋላ ጀግና መሆን ይቻላል» የሚል ስብከት ለመስበክ አይደለም። ሁሉም ስታይንስ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። አንድ ሰው በክብር እንዲነሳ በኋላ ክለብ ማዳን አይጠበቅበትም። በዚያ ምሽት ስለ እሱ የጻፈ ሰው ሊያውቅ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ውጤት መግለጫው ላይ በትልቁ ተጽፏል። 10፣ 18፣ 78። የወደፊቱን ማንም አያውቅም። ያለፉትን አራት ሩቦች ግን ማወቅ ይቻል ነበር።

አጎቴ ይህን ሁሉ ጽፌ ስልክለት አልተስማማም። «የአንቺ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሜዳ የምገባው ለመቁጠር አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። ደጋፊ የመናደድ፣ የማጋነን፣ ባንዱ ላይ የመጮኽ መብት አለው። ቲኬቱ ውስጥ ያ መብት ተካትቷል። እንዲያውም ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ፣ ከአራት አገር የመጡ ሹፌሮችን የሚያቀራርባቸው ይኸው ጭቅጭቅ ይመስለኛል። እኛ ግን ማስታወሻ ደብተር ይዘን የምንገባው በሌላ በር ነው። ደጋፊው ከጨዋታው በኋላ የሚለውን ደግመን ከጻፍን የእኛ ሥራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚባለው በምን ይለያል?

የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ አብዛኞቻችን ነገ ስፖርት ላይ ላንመደብ እንችላለን። የተበላሸ ፈተና፣ የተደረመሰ ሕንፃ፣ የተገለበጠ አውቶቡስ ዜና ይደርሰን ይሆናል። እዚያም የመጨረሻዋን ደቂቃ የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ስሙም በቀላሉ ይገኛል። ስሙን አትጻፉ አልልም፤ ስህተቱ እውነት ከሆነ ይጻፍ። ግን ከመጻፋችን በፊት ሦስቱን ሩብ እንቁጠር። አባቶቻችንስ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አይደል የሚሉት?